የሐሙስ ውሃ

ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ቁልፎቼን ታጥቄ፣
አርባ አራቱን ደጃፍ በቁጥር ጠንቅቄ፣
ከምድር እስከ ጣሪያ እወጣለሁ በእግሬ፤
ሊፍትስ ነበረ፤ ቆሞ ነው እስከ ዛሬ።

ሥራዬ ቀላል ነው፦ ቧንቧ እከፍታለሁ፣
ዝገቱ እስኪወጣ ቆሜ እጠብቃለሁ።
መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ቀይ ይተፋል፣
ውሃ መሆኑ ትዝ እስኪለው ደቂቃ ያልፋል።
«ቧንቧ ሰው ሲያጣ ይታመማል» አሉኝ፤
«በሳምንት አንድ ቀን ጠይቀው» አዘዙኝ።

ይህ የካይሮ ጫፍ ነው፣ በረሃው የሚጀምርበት፤
ከሰው በፊት አሸዋ ተከራይቶ የገባበት።
ሳሎኑ መሐል ላይ ክምር ሆኖ ተኝቷል፤
የሰው ዱካ የለም፣ የእርግብ ግን ሞልቷል።
ባለቤቶቹን በድምፅ እንጂ በመልክ አላውቃቸው፤
«ገንዘብ ይረክሳል» ብለው፣ ሲሚንቶ ውስጥ ነው የተቀበረው ብራቸው።
ከተማው በሩቁ ያበራል፤ እዚያ ሰው በሰው ላይ ተጣብቆ፣
መቃብር መሐል ጭምር ልብስ አስጥቶ፣ ቴሌቪዥን አብርቶ፣ ደምቆ።
እዚህ አርባ አራት ማድቤት አለ፤
ሽንኩርት ሸቶት የማያውቅ።

እኔ ኸለፈላህ ነኝ፣ ከሶሃግ የመጣሁ፤
ከደረጃው ሥር ራሴን ስድስት ሆኜ እተኛለሁ።
ጣሪያችን ሰያፍ ነው፣ ደረጃ ነውና፤
ወሂባ ስትነሣ ሁሌም ጎንበስ ነው፣ የለም ቀና።
ሹሩቅ፣ ትልቋ ልጄ፣ ስድስተኛ ክፍል ናት፤
«የቤት ሥራ» ሲሏት ቤት መምረጥ አለባት፦
ሰኞ ሦስት ቁጥር፣ ረቡዕ አሥራ ሰባት።
መምህሯ ደብተሯን ሳያርም እፍ ይላል፤ አሸዋ አለበት።

ማሕሩስ፣ የወሂባ ወንድም፣ አናጢ ነው፤
የዚህን ሕንፃ በሮች እሱ ነው የሰቀለው፤
አርባ አራት በር ገጥሞ ለራሱ አንድ የሌለው።
ኢንሽራህን ካጨ ይኸው ሰባት ዓመት፤
አባቷ «ቤት» ይላል፣ ሌላ ቃል የለበት።
የተገዛው ማጠቢያ ከነካርቶኑ ቆሞ
ጠረጴዛ ሆኗል፤ ሻይ ይቀርብበታል ደግሞ።
ባለቤቷ ልትባል፣ ባለቤት ሁን አስቀድመህ፤
ጎጆ ልትወጣ፣ ጎጆ ይኑርህ።

ባለፈው ሐሙስ ነው፣ ከዶሃ ተደወለ፤
የአሥራ ዘጠኝ ቁጥሩ ጌታ «ቤቴ እንዴት አደረ?» አለ።
«ደህና ነው፤ ትንሽ ያስላል።»
ሳቀ። «ለልጄ እኮ ነው፤ ሲያገባ ይገባበታል።»
«ዕድሜው ስንት ደረሰ?» ብዬ ጠየቅሁ፣
ስልኩ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ።
«ጥርስ እያወጣ ነው፣ ሌሊቱን አላስተኛንም» አለኝ፤
«አላህ ያሳድገው» አልኩት፤ ሌላ ምን አገባኝ?

ቤቱ ሙሽራ ይጠብቃል፤ ሙሽራው ድድ ነው ያለው።
ማሕሩስ ቤት ይጠብቃል፤ መንጋጋውን አምና አስነቀለው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሊጠይቁን መጡ።
ቁልፍ ሰጠኋቸው አላልኩም።
ጉልበቴን አመመኝ አልኩ፤
«አሥራ ዘጠኝን ክፈቱልኝ፣ ቧንቧውን» ብዬ ላክሁ።
ሹሩቅንም አስከተልኩ፣ ሰው እንዳያማ።

እሷ እንደነገረችኝ፦
ማሕሩስ በሩን ሲገፋው ሲጢጥ አለበት፤
«የኔ እጅ ነው» ብሎ አፈረ፣
ከጆሮው እርሳስ አውርዶ ማጠፊያውን አሸበት።
ኢንሽራህ መስኮቱን በስንዝር ለካችው፤
አሥራ አንድ ስንዝር ከጣት፣ መዳፏ ላይ ጻፈችው።
ማንም አልተናገረም።
ቧንቧው ቀይ ሲተፋ ቆሙ፤ ሲጠራ ቆሙ፤
ከጠራም በኋላ ቆሙ።

ከደረጃው ሥር ሆኜ በግድግዳዬ ውስጥ ሰማሁት፣
ያ ሁሉ ውሃ ሲወርድ።
ዝጉት አላልኩም፤ ተውኩት።

ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው።
እንደወትሮዬ ወጣሁ፤ የአሥራ ዘጠኝ በር ድምፅ አላሰማም።
ቧንቧውን ጠመዘዝኩና
እንዳይረጨኝ ፈቀቅ አልኩ፣ እንደ ልማዴ።

ሳያስል ወረደ።